የኮሌጁ ታላቅ ራኒንግ ባክ

ራኒንግ ባክ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም። በዚህ ባልገባኝ ነገር ግን የሁለት ልጆች ትዳር ገና ሳይጀመር ሊፈርስ ነበር፤ አፍራሹም እኔው። ፌርፋክስ ላይ በየሐበሻው ሬስቶራንት የሚወራውን ሰምታችሁ ይሆናል። ይልቃል ጠጥቶ ሄዶ ነው የሚሉ አሉ። አልጠጣሁም። በቀጥታ ከቅዳሴ ነው የሄድኩት፣ ነጠላዬን እንኳ አላወለቅሁም።

ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የሆቴል ሻትል፣ እንግዳ ማመላለሻውን፣ እነዳለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ዴሪክ እዚያው ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ የሚሠራ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ረጅም፣ ሸሚዙን ሳይተኩስ የማይወጣ። ከኛዋ ልጅ ከራኬብ ጋር በፍቅር ሁለት ዓመት እንደቆዩ ዐውቃለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪ ስጠብቅ መጥቶ ጎኔ ቁጭ አለና፣ «ሚስተር ይልቃል፣ ሽማግሌ እፈልጋለሁ» አለኝ። ሌላውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ ሽማግሌ የምትለዋን ብቻ በኛው ቋንቋ፣ ጥርት አድርጎ።

ያስተማረችው ራኬብ ናት። አባቷ ጋሽ ተክለብርሃን ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ ሽማግሌ ሳይልክ የሚመጣ ወንድ ቤቱ እንዳይደርስ ብሏል። እሷም ያለ አባቷ እሺታ እንደማታገባ ለዴሪክ ቁርጡን ነግራዋለች። ዴሪክ ደግሞ ከኛ ሰው በቅርብ የሚያውቀው እኔን ነው። ምን ልበል? እሺ አልኩ። ሲለምኑኝ እምቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ፣ ዕድሜ ልኬን የጎዳኝም ይኸው ነው።

ሽምግልና ያለ ዝግጅት አይኬድም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀን በምሳ ሰዓት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ አስቀመጥኩት።

«አባትህ?»

«ብዙም አላውቀውም። ያሳደገኝ የእናቴ አባት ነው። ዊላርድ ኮል ይባላል።»

«ምን ይሠራሉ?»

«አሁን ጡረታ ላይ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሜካኒክ ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ኮሌጅ እያለ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቷል። ራኒንግ ባክ ነበር።» የኮሌጁን ስም ነገረኝ። እኔ እዚህ አልጠራውም፤ ፌርፋክስ ላይ ግማሹ የዚህኛው ግማሹ የዚያኛው ደጋፊ ነው፣ ጠላት ማፍራት አልፈልግም።

ራኒንግ ባክ ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት። ኳሱን ተቀብሎ ወደፊት የሚሮጥ ነው አለኝ። ከማን ይቀማል? አይቀማም፣ የራሱ ጓደኛ በእጁ ይሰጠዋል። ታዲያ ሰው የሌለበትን ፈልጎ ይሮጣላ? አይ፣ ብዙ ጊዜ ሰው የተሰበሰበበት መሃል ነው የሚገባው። ለምን? ዴሪክ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ሎቢው ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ ነበርና ወደዚያ አሳየኝ። አንዱ ኳስ ተቀበለ፣ አምስት ሰው ወደቀበት። ፊሽካ ተነፋ፣ ተነሡ፣ ክብ ሠርተው ስብሰባ ተቀመጡ። ከዚያ እንደገና ያንኑ። እንደገና ስብሰባ። የኛ ዕድር እንኳ ይህን ያህል አይሰበሰብም።

«አያቴ ጎበዝ አልነበረም እኮ» አለኝ ዴሪክ። «ራሱም ይናገረዋል። አራት ዓመት ሙሉ ኳስ የተሰጠው አሥራ አንድ ጊዜ ነው።»

ይህን አልጻፍኩትም። ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም። እኔ በሕይወቴ ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ «ልጁ መካከለኛ ነው» ያለ ሰው አላየሁም። ጸሐፊው ሥራ አስኪያጅ ይሆናል፣ ሁለት ክፍል ቤት ግቢ ይሆናል፣ ሰውየውም ቤተሰቡም በአገሩ አንደኛ ናቸው። የልጅቷም አባት ግማሹን ቀንሶ ነው የሚሰማው። ሁሉም ይህን ያውቃል፣ ማንም አይጎዳም። እኔም በወረቀቴ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ አያት፣ ዊላርድ ኮል፣ የኮሌጁ ታላቅ ራኒንግ ባክ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሼ መኩሪያ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ከተማ ያላማለዱት ጋብቻ የለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤያቸው ሄድኩ። ጋሽ ተክለብርሃን የሚኖረው ከኦሎምፒክ መንገድ ወረድ ብሎ፣ ከሬስቶራንቶቹ ጀርባ ባለ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዴሪክ መኪናውን ፌርፋክስ ላይ ፓርክ አድርጎ ውስጡ ተቀመጠ፤ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይገባምና። ሥርዓቱን አስረድቼዋለሁ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው፣ ቁጭ በሉ ሲባል እንኳ ጉዳዬ ካልተሰማ አልቀመጥም ይላል፤ የተቀመጠ ቀን ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ጋሽ ተክለብርሃን በሩን ከፍቶ፣ «ቤት ለእንግዳ፣ ቁጭ በሉ» አለን።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ መኩሪያ። የጋሽ ተክለብርሃን ባለቤት እትዬ አምሳለ ወጥ ቤት ነበረች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ስታዳምጥ ጥላዋ ይታየኛል። ራኬብ ለወጉ ከቤት እንድትወጣ ተደርጋለች።

ጋሼ መኩሪያ በለመዱት ድምፅ ጀመሩ። ለመልካም ነገር ነው የመጣነው፣ ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው። ጋሽ ተክለብርሃን ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ «ልጁ ማነው? የማን ነው?» አለ። ጋሼ መኩሪያም አገጫቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

ጨዋነቱን ተናገርኩ፣ ሥራውን ተናገርኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ «ያሳደጉት አያቱ ናቸው። እኚህ ሰው በዚህ ከተማ ስማቸው የታወቀ፣ በኮሌጁ ታሪክ ከተነሡት ራኒንግ ባኮች ሁሉ የሚበልጡ ናቸው» አልኩ።

ጋሽ ተክለብርሃን ቀና አለ። «ከሁሉ?»

«ከሁሉ።»

«ስማቸው ማነው?»

ወረቀቴን አየሁ። «ዊላርድ ኮል።»

ጋሽ ተክለብርሃን ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ፤ የሚጠጣ ሊያመጣልን መስሎኝ ነበር። ጋሼ መኩሪያም ክራቫታቸውን አስተካከሉ። እሱ ግን ሁለት ካርቶን ተሸክሞ ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። ጨዋታ በተካሄደ ቁጥር ስታዲየም በር ላይ የሚሸጥ መጽሔት አለ፤ የተጫዋቾቹ ስምና ፎቶ ያለበት። ያ ነው፣ በመቶ የሚቆጠር። አንዳንዱ ላይ የመኪና ጎማ አልፎበታል፣ አንዳንዱ ላይ የጫማ ዳና አለ። ከሥሩ ደግሞ የተማሪ ደብተሮች ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሽ ተክለብርሃን ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ሰርግም ሐዘንም አይገኝም፣ የት ነበርክ ሲሉት «ሥራ» ብሎ ያልፋል። እኔ ያንን ጨዋታ አምርሮ የሚጠላ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ብሆን እጠላው ነበርና። ለካ ሰውየው ቡዙ ውስጥ፣ ትኬት በሚቆርጥባት ጠባብ ክፍል፣ ሬድዮ ከፍቶ ሁሉንም እየሰማ፣ ሰው የጣለውን መጽሔት እየለቀመ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ሲጽፍ ነው የኖረው። አንድም ቀን ስታዲየሙ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። መኪናውን ለማን ጥሎ ይገባል?

«ሶ፣ ይልቃል» አለኝ። «ከሁሉ ይበልጣሉ ያልከኝን ሰው አብረን እንያቸው።»

ሦስት መጽሔት መርጦ ደረደረ። መጀመሪያ ቀጭን ልጅ። «ይሄ ሬይ ፎንቴን ነው። ሰው የሚያደንቀው እሱን ነው። ፎንቴን ኳስ ሲይዝ መጀመሪያ ሕዝቡ ፀጥ ይላል፣ ያዙት ብሎ። ከዚያ በሌላ በኩል ሾልኮ ይወጣና ጩኸቱ ይፈነዳል። ሬድዮው ስሙን ሳይጠራ እኔ ቡዝ ውስጥ ሆኜ ዐውቀው ነበር።» ቀጥሎ ፈገግ ያለ ልጅ። «ይሄ ማሊክ ኦውንስ ነው። ፈጣን። የሱ ጩኸት ሳይጀመር ያልቃል፤ ደርሷላ። ግን አጥንቱ ስስ ነበር፣ ግማሹን ዓመት ታሞ ነው ያሳለፈው።» ሦስተኛው ሰፊ ትከሻና አጭር አንገት ነበረው። ጋሽ ተክለብርሃን መጽሔቱን በእጁ መዳፍ አቃናው። «ይሄ ቲ. ጄ. ዋሽበርን። የሱ ጩኸት ትንሽ ነው። አራት ያርድ ይሄዳል፣ እንደገና አራት ያርድ። ሕዝቡ ‹እህ› ብቻ ይላል። ግን በአራት ዓመት ውስጥ ኳስ ከእጁ ወድቆ አያውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ። ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የያዘውን የማይጥል ሰው።»

«እውነት ነው» አልኩ፣ ምኑ እውነት እንደሆነ ሳላውቅ።

«ኮል ደግሞ ይኸውልህ።» አንድ ያረጀ ደብተር ገለጠ። ገጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «በፈረንጅ ሰማንያ አምስት፣ ኅዳር። እኔ ሥራ የጀመርኩበት ዓመት ነው። ዋሽበርን ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ኮል ተተካ። ከመጨረሻው መስመር ሁለት ያርድ ሲቀረው ኳሱን ጣለ፣ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያ አልተሰለፈም። ይህን ሰው ነው ከሁሉ ይበልጣሉ ብለህ ቤቴ የመጣኸው?»

ነጠላዬ ራሱ ከበደኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፤ ዴሪክ ነው። «ተቀመጣችሁ?» ይላል።

«ተክሌ፣ ይልቃል ለወጉ ነው የተናገረው» አሉ ጋሼ መኩሪያ። «ሽማግሌ ትንሽ ያሳምራል፣ አንተም ታውቀዋለህ።»

«ማወቅማ ከኔ በላይ ማን ያውቃል፣ ጋሼ መኩሪያ? አዲስ አበባ ሄደው አምሳለን ሲለምኑልኝ ለአባቷ ምን ብለው ነበር?»

ጋሼ መኩሪያ ጣራውን አዩ። «ስታዲየሙ ጋ ይሠራል ነው ያልኩት።»

«የስታዲየሙ ኢንጂነር ነው ያሉት» አለች እትዬ አምሳለ ከወጥ ቤት።

«ይኸው» አለ ጋሽ ተክለብርሃን። «ኤርፖርት ተቀብዬ ሳመጣት ስታዲየሙን አሳየኝ አለችኝ። ከፓርኪንጉ አሳየኋት። ኢንጂነር አግብታ ቡዝ ውስጥ አገኘችኝ። ሦስት ወር አላናገረችኝም፣ እኔም አልፈረድኩባትም። እሳቸው ዋሹ እንጂ እኔ አልዋሸሁም አልኳት፤ ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ የመጣችው በኔ ስም በተነገረው ነው። ያን ቀን የማልኩት አንድ ነገር ነው። ልጅ ከወለድኩ በተጋነነ ነገር አትሄድም።»

ቆመን ሰማነው። ቁጭ በሉ ብሎ አልደገመም። የጋሼ መኩሪያ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፣ እኔም ደጋግሜ እግር እቀያይራለሁ።

«ሂዱ አሁን» አለን በመጨረሻ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰውየውን ራሳቸውን አምጡልኝ። በራሳቸው አፍ ይንገሩኝ። ጋሼ መኩሪያም ይምጡ፤ ግን አይናገሩም።»

ራኬብ በማግሥቱ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ሆቴሉ ድረስ መጣች። ዓይኗ አብጧል። «ጋሼ ይልቃል፣ ምን ብለህ ነው? ኦኬ፣ ስለ ዴሪክ ልታጋንን ትችላለህ። ስለ ራኒንግ ባክ? ለአባቴ?»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ማን ያስበዋል? ሽምግልና ላይ ራኒንግ ባክ ይነሣል ብሎ ማን ያስባል?» አለችና አለቀሰች። «አንተ አባቴን ታውቀዋለህ። አንዴ እምቢ ካለ አለ ነው። እኔ ደግሞ እሱን ጥዬ አላገባም፣ ዴሪክንም ጥዬ ሌላ አላገባም። ሶ፣ ምን ልሁን?»

አንዲት ነርስ በሌላ ሰው አያት እጅ በወደቀ ኳስ ሳቢያ ፊቴ ቆማ ስታለቅስ ምን ይባላል? አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም፣ አፈርኩ።

ያን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሻትል ውስጥ ስፖርት ሬድዮ ከፍቼ ራኒንግ ባክ ለመማር ሞከርኩ። አንዱ ስለ አንድ ተጫዋች «ወደኋላ ሦስት ያርድ ሮጠ» ብሎ ሲያዝን ሰማሁ። ወደኋላ ለምን ይሮጣል? አንድ የሲያትል ተሳፋሪ አስረዳኝ፣ ያስረዳኝ ሲመስለው እኔ ባሰብኝ። ለማንኛውም ዴሪክ ይዞኝ ሆውቶርን ሄድን፣ ሚስተር ኮል ቤት።

ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ሁለቱም ጉልበታቸው ኦፕራሲዮን ተደርጎ ሲሄዱ እንደ መርከብ ይወዛወዛሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ያልኩትን ውሸት ጭምር። ለረጅም ጊዜ ሳቁ።

«ከሁሉ ይበልጣል አልክ? እኔን?»

«ጨዋታውን አላውቀውም ጌታዬ።»

«ያስታውቃል» አሉኝ።

ምክር ሰጠኋቸው። አንደኛ፣ ቆመው ነው የሚናገሩት፤ ሰውየው ሰምቶ ሲያበቃ ቁጭ በሉ ካላለ እንዳይቀመጡ፣ ከዚያ በፊት መቀመጥ ውርደት ነው። ጉልበታቸውን እያዩ እሺ አሉ። ሁለተኛ፣ ሰውየው ያለውን ሁሉ አዎ ይበሉ። ዋሽበርን ይበልጣል ካለ ዋሽበርን ይበልጣል። ለዚህኛው መልስ አልሰጡኝም።

ቀኑ ደረሰ። ጋሼ መኩሪያ አፋቸውን ዘግተው፣ ሚስተር ኮል ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ እኔ በሁለቱ መሃል። ዴሪክ መኪናው ውስጥ ቀረ። ደረጃውን ለመውጣት አሥር ደቂቃ ፈጀብን። ጋሽ ተክለብርሃን በሩን ሲከፍት ሰውየውን ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር የነበረ ሰው በር ሞልቶ ቆሟል።

«ቁጭ በሉ» አለ በእንግሊዝኛ።

ሚስተር ኮል ወደኔ አዩ። እንዳይቀመጡ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። «ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም» አሉ፣ እንዳስጠናኋቸው። ከወጥ ቤት የእትዬ አምሳለ ሳቅ ተሰማ።

ጋሽ ተክለብርሃን ደብተሮቹን ፊቱ ደርድሯል። «በኮሌጁ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ራኒንግ ባክ ማነው?» አለ። ስለ ዴሪክ አልጠየቀም፣ ስለ ሥራ አልጠየቀም።

«ፎንቴን» አሉ ሚስተር ኮል ወዲያው።

ቀስ ብዬ ጫማቸውን በጫማዬ ነካሁት፣ እንዳልተነካ ሆኑ። ጋሽ ተክለብርሃን ፊቱ ጠቆረ። «ፎንቴን ኳስ ሰባት ጊዜ ጥሏል። ዋሽበርን ጥሎ አያውቅም።»

«ጥሏል» አሉ ሚስተር ኮል። «ሁለት ጊዜ።»

«የለም።»

«እኔ ከፊቱ መንገድ የምከፍትለት ነበርኩ ጌታዬ። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ተከምሮብን ከሥር ነበርን። ኳሱ ወጥቶ አየሁት፣ ገፋ አድርጌ ወደ ሆዱ መለስኩለት። እሱና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ደግ ሰው ነበር ዋሽበርን፣ ስሙን ማጥፋቴ አይደለም። ጠየቅኸኝ።»

«ደብተሬ ላይ የለም።»

«የትም የለም።»

ወጥ ቤት ውስጥ የሚወርደው ውሃ ተዘጋ። ጋሼ መኩሪያ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። እኔ በቃ አለቀ አልኩ። ልጅ ሊለምን የመጣ ሰው አባትየው አርባ ዓመት ያከበረውን ሰው ፊቱ ላይ አቃለለበት። ራኬብን ምን እላታለሁ? ዴሪክን ምን እለዋለሁ? ደግሞስ ማንን ልመን? ሁለቱም ስለማላውቀው ነገር ይማማላሉ፣ እኔ የማውቀው እግሬ መደንዘዙን ብቻ ነው።

ጋሽ ተክለብርሃን ያንን ያረጀ ደብተር አነሣ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ያን ቀንስ? ኅዳር ላይ። እኔ የጻፍኩት ሬድዮው ያለውን ነው። ‹ሁለት ሰው መታው፣ ኳሱ ወደቀ።› በእንግሊዝኛ ሰምቼ የጻፍኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። መኪናቸውን ሊወስዱ የመጡትም ሰዎች ሁሉ እንደዚሁ ነበር የሚሉት። ክፉኛ ተመትቶ ነው አሉ።»

መልሱን ራሱ ሰጣቸው። ሚስተር ኮል አዎ ቢሉ ይበቃ ነበር፤ እኔ እንኳ ገብቶኛል። በዓይኔ ለመንኳቸው።

ሰውየው አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ጉልበታቸው እያለቀ ነበር። «ማንም አልነካኝም» አሉ። «መስመሩን አየሁት። ደርሻለሁ ብዬ እጄን ላላ አደረግሁ። ሁለቱ ሰዎች የደረሱብኝ ኳሱ ከወደቀ በኋላ ነው። ሬድዮው ላይ ያለው ሰው አዝኖልኝ ይሆናል። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ተመትተህ ነው ይለኛል፣ እኔም አዎ እላለሁ። ለሚስቴም አዎ ብያት ነው የሞተችው።»

«ታዲያ ለኔ ለምን አዎ አላሉኝም?»

«ልጅህን ልትሰጠን ነዋ» አሉ ሚስተር ኮል።

ጋሽ ተክለብርሃን ከሸሚዝ ኪሱ እርሳስ አወጣ። ‹ሁለት ሰው መታው› የሚለውን ሰረዘና በላዩ ‹ማንም አልነካውም› ብሎ በአማርኛ ጻፈ። ሌላ ደብተር ሳበ፤ የዋሽበርንን ገጽ አገላብጦ አገኘው። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ቆየ። በመጨረሻ ዜሮ የነበረውን ወደ ሁለት አደረገው። ያመነው ሰውየው ስለ ራሳቸው ያወሩትን ከሰማ በኋላ መሆኑ ነው። በራሱ ላይ እንዲህ የሚናገር ሰው በዋሽበርን ላይ ለምን ይዋሻል?

«ተክሌን እንዳመመው ያስታውቃል» አሉ ጋሼ መኩሪያ በሹክሹክታ። ማንም አልሰማቸውም፣ ከኔ በቀር።

እትዬ አምሳለ እጇን በጨርቅ እያደረቀች በሩ ላይ ወጣች። ሚስተር ኮልን አየች፣ ባሏን አየች። «ኢንጂነሩ» አለችው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያለች ነው የምትጠራው። «ሰውየውን አስቀምጣቸው እንጂ። ጉልበታቸው አለቀ።»

ጋሽ ተክለብርሃን ተነሣ። የራሱን ወንበር፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን፣ በሁለት እጁ እየጎተተ አመጣና ሰውየው አጠገብ አደረገው። «ሚስተር ኮል» አለ፣ «ቁጭ በሉ።»

አልተቀመጡም። ወደኔ ዞሩ። ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኗል። «አሁን ነው?» አሉኝ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ጋሽ ተክለብርሃን ክንዳቸውን ያዘላቸው፣ እሳቸውም በሱ ላይ ተደግፈው ቀስ ብለው ወረዱ፤ ከወረዱም በኋላ እጁን ወዲያው አልለቀቁትም። ጋሼ መኩሪያ ማንም ሳይጠይቃቸው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ ሰዎች ፎንቴን ይበልጣል፣ አይበልጥም ብለው ጀመሩ፤ ደብተር ይገለጣል፣ መጽሔት ይነሣል። አንድም ቃል አልገባኝም።

ስልኬ እንደገና ነዘረ። ዴሪክ አሁንም ያንኑ ነው የጻፈው፣ «ተቀመጣችሁ?» ይላል። እኔ ራሴ ገና ቆሜ ነበር።

«አያትህ ተቀምጠዋል» ብዬ ጻፍኩለት።